ሮማን ይዞ የመጣ ሰው

ጁላይ 4 ቀን 1932፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ዲና ናት። «አክስቴ፣ ለጎረቤት የምታወሪውን እዚህ ላይ አውሪው፤ ጎረቤቱም ትንሽ ይረፍ» አለችኝ። ስቄ ተቀበልኳት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ጽሕፈቴም የዶሮ ጭረት ነው። ድምፅ ከፍ አድርጎ በማንበብ ግን ማንም አይቀድመኝም። ለምን እንደሆነ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

የቦምባይ ዝናብ ገብቷል። የምንሠራበት የፊልም ስቱዲዮ ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ድሮ ቢዘንብ ባይዘንብ ማን ይሰማው ነበር? ካሜራው እየዞረ ዳይሬክተሩ ተዋናይቷን ዲናን «ሳቂ፣ ዙሪ፣ አሁን አልቅሺ» እያለ ይጮኻል፤ አንድ ሽማግሌ ጥግ ይዞ ሃርሞኒየም ይጫወትላታል፤ ዲና እንባዋን ታፈሰዋለች። እኔም መርፌዬን እንደያዝኩ ከጎን ቆሜ አብሬ አለቅሳለሁ። ደስ የሚል ለቅሶ ነበር። አሁን የሚናገር ፊልም መጣና ሁሉም ነገር በአፍ ሆነ። ማሳል የለም፣ ወንበር ማንቋቋት የለም። እኔ እንኳ አምባሬን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምሠራው። ድምፅ የሚቀርጸው ፊሮዝሻው የሚባል ወጣት ነው፣ አያቶቹ ከፋርስ የመጡ ፓርሲ፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ከመስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እኛም ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ፊቱን ፊቱን እናያለን።

ዛሬ የስቱዲዮው ባለቤት ጂቫን ሼት ሁላችንንም ሰበሰበን። ለድምፅ ማሽኑ ሲል ያለውን ሁሉ አስይዟል። ፊልሙ ለሂንዱዎች የመብራት በዓል መድረስ አለበት፤ ሲኒማ ቤቱ ከወዲሁ ተይዟል። ከዚያ ወደ ዲና ዞረና በሰው ሁሉ ፊት፣ «ፊትሽን አገር ያውቀዋል። ድምፅሽን ግን እስካሁን ማንም ከፍሎ አልሰማውም» አላት። ክረምቱ እስኪወጣ ካልሆነላት ከላሆር ዘፋኝ አስመጣለሁ፣ እሷም ወደ ቤቷ ትሄዳለች አለ። ዲና ፈገግ አለች። የእህቴ ልጅ ናት፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ማታ ዓሣውን ጠብሼ ባቀርብላት እጇን አልዘረጋችም።

«ንግድ ነው» ይላል ጂቫን ሼት፣ ሁልጊዜ። ንግድ ነው። እሺ።

ጁላይ 7፣ ሐሙስ

አድማ። ትራም የለም። ከቤታችን ከባይኩላ እስከ ስቱዲዮው ዳዳር በእግር፣ በዝናብ። ጫማዬ ተበላሸ። ስንደርስ ጣሪያው እንደ ከበሮ ይመታል፣ ቀረጻ የለም ተባለ። በእግር ተመለስን።

ጁላይ 13፣ ረቡዕ

ጸሐፊው ሙንሺ ወጃሃት ምንጣፍ ላይ አስቀምጦን የፊልሙን ንግግር አነበበልን። ሙንሺ የሉክናው ከተማ ሰው ነው፤ ፓን የሚሉትን ቅጠል ሲያኝክ ስለሚውል አፉ ቀይ ነው፣ አነጋገሩ ግን ማር። ታሪኩ የሁለት ጥጥ ነጋዴዎች ነው። አብረው ከባዶ ይነሣሉ፤ አንደኛው ሲታመም ሌላኛው ይክደዋል፤ የታማሚው ሚስት ከዓመታት በኋላ ትበቀላለች። ሚስትየዋ ዲና ናት። እኔ የምትለብሰውን ነጭ የመበለት ልብስ ጠርዝ እየሰፋሁ እሰማለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ደረሰ። ነጋዴው የታመመውን ሸሪኩን ሊጠይቅ በዘንቢል ሮማን ይዞ ይመጣል። ሚስትየዋ ሮማኑን ልትፈለፍል ጓዳ ስትገባ የድርጅቱን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልሎ ይወጣል።

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። ነጩ ልብስ ላይ ጠብ አለ፤ በምራቄ አስለቀቅኩት።

ሙንሺ ቀና ብሎም አላየኝም። ባለፈው የብርድ ወቅት የኮቱን ቁልፍ ስተክልለት ስለ ድሮው የፊልም ድንኳናችን አንዳንድ ነገር አውርቼለት ነበር። «ከዚያስ?» ይለኛል። ሰው «ከዚያስ» ካለኝ እኔ ፍሬን የለኝም። ወሬ ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት።

ጂቫን ሼት እስከ መጨረሻው ሰማና እንዲህ አለ፦ «ሮማኑ ጥሩ ነው። ሕዝቡ ይወደዋል። ርካሽም ነው።»

ርካሽ ነው አለ።

ያው ቀን፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ልጻፈው።

ባለቤቴ ሃይም፣ ነፍሱ ትረፍና፣ ፊልም ማሳያ ማሽን ነበረው። የሠርጌን አምባር ሸጠን ነው የገዛነው። ጂቫን ያኔ ሼት፣ ማለትም ባለሀብት ጌታ፣ አልነበረም፤ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ ልጅ ነበር፤ ድንኳኑና በሬዎቹ ግን የሱ ነበሩ። ሦስታችን አገሩን ሁሉ ዞርነው። መሸት ሲል ድንኳኑ ይተከላል፣ ጂቫን በር ላይ ሆኖ ይጮኻል፣ ሃይም ማሽኑን በእጁ ያዞራል፣ እኔ ከሸራው ጎን በርጩማ ላይ እቆማለሁ። ሕዝቡ ማንበብ አይችልማ። በሸራው ላይ ጽሑፍ ሲመጣ ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ንጉሡም እኔ፣ ሌባውም እኔ፣ ሙሽራዋም እኔ። አንዳንዴ ጽሑፉ ደረቅ ሲሆንብኝ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ሃይም ከማሽኑ ጀርባ ሲስቅ ብርሃኑ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሕዝቡ የመሬት መንቀጥቀጥ ትዕይንት ይመስለዋል።

ጂቫን ሥጋ የነካውን ዕቃ አይነካም፣ ሃይማኖቱ ነው። ለሱ ብቻ አንዲት የናስ ድስት ነበረችኝ። ሁልጊዜ «ባቢ፣ ጨው አነሰው» ይለኛል። ባቢ ማለት የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው። የኛ የአይሁዶቹ የጾም ቀን ሲደርስ፣ በር የምንዘጋበት ቀን፣ እኔና ሃይም ድንኳኑ ውስጥ ዘግተን ስንቀመጥ እሱ ደጅ ይጠብቅልን ነበር። የመጣውን ሰው ሁሉ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ነገ ኑ፤ ነገ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ነው» እያለ ይመልሰዋል። ጾሙ ሲፈታ ሃይም ደንብ ነበረው፤ እኛ ከመቅመሳችን በፊት የሚጎርሰው በር ጠባቂው ነው።

በትልቁ የጉንፋን ወረርሽኝ ዓመት ሃይም ሾላፑር ከተማ ላይ ታሞ ወደቀ። ጂቫን ሮማን ይዞ መጣ። ጥሩ ሮማን ነበር፣ ቀይ። እኔ ቁጭ ብዬ ፈለፈልኩት። ለበሽተኛው አንዷን ፍሬ በሌላዋ ላይ እያጎረስኩ ሳለሁ ጂቫን ሌንሱን ከማሽኑ ላይ ፈትቶ በመሐረብ ጠቀለለ። በማግስቱ ሜዳው ላይ ድንኳንም በሬም አልነበረም። ሌንስ የሌለው ማሽን ዕውር ሣጥን ነው። ሃይም ከበሽታው ዳነ፣ ከዚያ ነገር ግን አልዳነም። እስኪሞት ድረስ ወደ ማታ ሲሆን «ሰው ገባ?» ይለኝ ነበር። «ሞልቷል» እለው ነበር።

ጂቫን እዚህ ቦምባይ መጥቶ ስቱዲዮ ከፈተ። ኋላ ለልብስ ክፍሉ ሴት ሲፈልግ አስጠራኝ። «ንግድ ነበር፣ ሚልካባይ» አለኝ፤ ባቢ መባሌ ያን ቀን ቀረ። ሥራውን ያዝኩ። እናት አባት የሌላት ልጅ ይዤ ምን ልሁን? ቂም ምሳ አይሆን።

ቂም የለኝም። አሥራ አራት ዓመት ሆነው እኮ። ድስቷ መደርደሪያው ላይ አለች፤ ዲና ለቆራሌው እንሽጣት ትለኛለች፣ እኔ እረሳዋለሁ።

ግን እንዴት ሰው ሮማኑን ይረሳል?

ጁላይ 26፣ ማክሰኞ

ነጋዴውን የሚጫወተው ከቲያትር ቤት የመጣ ግዙፍ ሰው ነው። ለመጨረሻው ረድፍ ተመልካች እንደሚናገር ሰው ስለሚጮኽ ፊሮዝሻው ማዳመጫውን ወርውሮ ጆሮውን ይዞ ወጣ። ሰውየው ተቆጣ፤ «የኔ አባት ያለ ማሽን ሦስት መንደር ያሰማ ነበር» አለ። ሙንሺም «እንግዲያው ማሽኑን ሦስት መንደር እናርቀው» አለው። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ከዚያ ቁራ። ቦምባይ ያለ ቁራ አይሆንም። ሁለት ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቁራ የሚያባርር ተቀጥሯል፤ አሁን ደግሞ የነሱ ኮቴ ይሰማል።

ኦገስት 10፣ ረቡዕ

የዲና ነገር አልሆነም። ማይክሮፎኑ የሚደበቀው አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን እባብ የተደበቀ ያህል ነው የምታየው። ቤት ስናጠና ቃሉን አሳምራ ትለዋለች፤ ያን አበባ ስታይ ግማሹን ትውጠዋለች። የወጣው ቃል ደግሞ የገበያ ቋንቋ ነው፣ የኛው ሰፈር የባይኩላ። ሙንሺ ትዕግሥቱ የቅዱስ ነው፤ «ልጄ፣ ይህቺ መበለት ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ነበራት፤ የጎመን ዋጋ እየተከራከረች አይደለም» ይላታል።

ቧንቧው ጋ አናጢዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። መልኳ የንግሥት፣ አፏ የዓሣ ሻጭ ነው አሉ። ዲና ከኋላዬ ነበረች። ያልሰማሁ መሰልኩ። እሷም ያልሰማች መሰለች። ሁለታችንም ጥሩ ተዋናዮች ነን።

ኦገስት 25፣ ሐሙስ

ላሆር ቴሌግራም ተላከ። ዲና ፎቶዎቿን ከግድግዳው አንድ በአንድ አወረደች። «አቧራ ልጠርግላቸው ብዬ ነው» አለች። መልሳ አልሰቀለቻቸውም።

የኔ ጥፋት ነው። ልጅ ሆና ሳለች እንደ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ማዋል ሲገባኝ በልብስ ክፍል ውስጥ አሳደግኳት። የተሻለ ምን ነበረኝ ደግሞ።

ሴፕቴምበር 7፣ ረቡዕ

ዛሬ ጉድ ሆነ። የላሆሯ ዘፋኝ ከመብራት በዓል በፊት አልደርስም አለች። ጂቫን ሼት ጥርሱን ነክሶ ሲንጎራደድ ፊሮዝሻው ከሳጥኑ ወጣና አንድ ነገር አሰበ። የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነው የቀረው፤ መበለቷ ነጋዴውን ፊት ለፊት የምትከስበት፤ በሌላው ሁሉ ዲና ከአንድ ሁለት ቃል አታልፍም። ዲና አፏን ታንቀሳቅስ፣ ድምፁን ሌላ ሰው ተደብቆ ይናገር አለ። ዲና ንግግሩን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች፣ አይጠፋትም።

ማን ይናገር ተባለ። ሙንሺ በቀይ አፉ እየሳቀ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «ጎረምሳውንም ንጉሡንም ስታነብ ሰምቻለሁ፤ ልብስ ስትሰፋ የኔን ወረቀት ጮክ ብላ ታነባለች። ስታነበው ያምርልኛል፣ እኔ የጻፍኩት አይመስለኝም» አለ።

ጂቫን ሼት «እሷ አይሆንም» አለ። ቶሎ ነው ያለው። ሰው ትኩስ ነገር ሲነካ እንደሚለው። ለምን እንደዚያ እንደቸኮለ እንጃ።

ከዚያ ጣሪያውን አየ፣ ቀኑን አሰበ መሰለኝ። «እሺ፣ ትሞክር። ንግድ ነው።»

እኔማ አልፈልግም ነበር። ለልጅቷ ስል ነው።

ሴፕቴምበር 14፣ ረቡዕ

ዝናቡ ቆመ። ቀረጽን። አንድ ቃል ተሳሳትኩ። ሌላው ሁሉ ደህና።

ሴፕቴምበር 15፣ ሐሙስ

ትናንት ሁሉንም አልጻፍኩም።

ከሌሊት ጀምሮ የጣለው ዝናብ ትናንት ከሰዓት በኋላ ድንገት ሲያባራ ሁሉም ሮጠ። ዲና የሰፋሁላትን ነጭ ልብስ ለበሰች። ገርጥታ ነበር፣ ግን እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም። እኔ ቀለም ከተቀባው የውሸት ዓምድ ጀርባ ተንበረከክኩ፤ ማይክሮፎኑ ከፊቴ አበባው ውስጥ አለ፤ በዓምዱ ስንጥቅ በኩል ዲና ትታየኛለች። ከሷ ባሻገር ደግሞ ጂቫን ሼት ከመስታወቱ ሳጥን አጠገብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የሮማኑ ዘንቢል አለ። ሮማኑን ጠዋት ገበያ ወርጄ የገዛሁት እኔው ነኝ፤ የልብስና የዕቃ ሰው ነኝና። ቀያዮቹን መረጥኩ።

ወጣ። ድምፄ ወጣ። ጉሮሮዬ የድንኳኑን መንገድ አልረሳም። በርጩማው ላይ የቆምኩ መሰለኝ፣ ከኋላዬ የማሽኑ እጀታ ሲዞር የሰማሁ መሰለኝ። «ሮማን ይዘህ መጣህ። እኔ ለበሽተኛው እየፈለፈልኩ...» ሙንሺ ከዚህ ቀጥሎ የጻፈው «አንተ ማኅተሙን በመሐረብህ ጠቀለልክ» የሚል ነው። እኔ ግን «አንተ ሌንሱን በመሐረብህ ጠቀለልክ» አልኩ።

ሳላስበው ነው። ምላስ ነውና ይንሸራተታል። ንግግሩን አላቋረጥኩም፣ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ስጨርስ ፊሮዝሻው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ተሳክቷል ማለቱ ነው። ወዲያው ጣሪያው ላይ ዝናቡ ወረደ። ሌላ ሙከራ የለም።

ጂቫን ሼት የት እንደሄደ አላየሁም።

ሴፕቴምበር 21፣ ረቡዕ

የተቀረጸውን ለኛ ለሠራተኞቹ አሳዩን። ጨለማ ውስጥ የራስን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የሚያስፈራ ነገር ነው። ዲና ስትናገር ቧንቧው ጋ ካወሩት አናጢዎች አንደኛው አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት።

ያ ቦታ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አፏ «ማኅተም» ሲል ድምፄ «ሌንስ» ይላል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ሥራው ይበላሻል ብዬ። ማንም አልሳቀም። ከኋላ ፊሮዝሻው፣ «ቃሉ ቢቀየርም ከአፏ ጋር ልክክ ነው» ሲል ሰማሁ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

ጂቫን ሼት ከፊት ረድፍ ተነሣ። ያለ ጃንጥላ ወደ ዝናቡ ወጣ።

ቤት ስንገባ ዲና ፀጉሯን እያበጠረች በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«አንድ ቃል ተሳሳትኩ አላልሽኝም ነበር?»

«ተሳሳትኩ።»

«እኔም፣ ያችኑ ቃል» አለች፣ ማበጠሯን ቀጠለች።

ሴፕቴምበር 26፣ ሰኞ

ሼት ወደ ስቱዲዮ ከመጣ ሰነበተ። ወሬው ብዙ ነው። ትዕይንቱን ሊቆርጠው ነው ይላሉ፤ ለላሆሯ ዘፋኝ ጨምሮ ሊከፍላት ነው፤ ዲና አበቃላት። በር ጠባቂው እንኳ ስትገባ አልተነሣላትም።

በአንዲት ቃል የልጅቷን እንጀራ በላሁት። ምን አገኘሁ? ሃይም አይነሣ። ዲና ብትጮኽብኝ ይሻል ነበር። ወደ ቤቱ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ? እሷን ተውልኝ፣ እኔን አባረኝ ልበለው? ሁለት ጊዜ እስከ ትራሙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ቂም የለኝም እላለሁ። ታዲያ ያን ጊዜ በስንጥቁ በኩል ለምን የሱን ፊት አየሁ?

ኦክቶበር 3፣ ሰኞ

የዘመን መለወጫችን አለፈ። የኮኮናት ወተት ሀልዋ ሠራሁ፣ ጎረቤቶቹ አመሰገኑ። ማዕዱ ላይ እንደ ወጉ ሮማን ቀረበ፤ ሥራችን እንደ ፍሬው ይብዛ ይባላል። እኔ ከሾላፑር ወዲህ ሮማን አልቀምስም። ዲና የኔንም አንስታ በላች። «ለሁለታችን» አለች። ያልተፈለፈሉትን በሳህን አድርጌ ጨርቅ አለበስኳቸው።

ዝናቡም እየሄደ ነው። ስንፈልገው የማያባራ፣ ሳንፈልገው የሚወርድ ዝናብ ነበር።

ኦክቶበር 9፣ እሑድ

ነገ በር የምንዘጋበት ጾም ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ካስቀየመው ጋር ይታረቃል። ጎረቤቴን ስለ ልብስ ማስጫው ገመድ ይቅር በይኝ አልኳት፤ ሙንሺንም ጽሑፍዎን አበላሸሁ አልኩት። «አላበላሹትም፣ ጨረሱልኝ» አለኝና ሄደ።

ወደ ጂቫን ሼት አልሄድኩም። ማን ነው የበደለው? እሱ ይምጣ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ አውቃለሁ። ግን እግሬ አልሄደልኝም።

ኦክቶበር 11፣ ማክሰኞ

ትናንት ጾም ስለነበር መጻፍ አይቻልም ነበር። ዛሬ ሳልረሳው ልጻፍ፤ ደግሞ አልረሳውም።

ዲና ወደ ምኩራብ ሄደች። እኔ ጉልበቴ ስለታመመብኝ እንደ አያቶቼ ነጭ ለብሼ፣ በሩን ዘግቼ ቤት ተቀመጥኩ። ያን ቀን ለማንም አይከፈትም፣ ከውጭ ሰው ጋር አንድ ቃል አይነጋገሩም። ፀሐይ ከፍ ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ የሚያርፍ። በሬ ላይ ቆመ። አላንኳኳም። ጃንጥላ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ሰማሁ፣ ከዚያ ሰው ወለሉ ላይ ሲቀመጥ።

«ባቢ» አለ።

የጸሎት መጽሐፌን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«አትክፈቺ። ቀኑን አውቀዋለሁ። አውቄ ነው የመጣሁት፤ ሌላ ቀን ብመጣ ትመልሺልኝ ነበር፣ መልስሽን ደግሞ አልችለውም።»

ጸሎቴን ትቼ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ጉልበቴ እንዴት እንደቻለ እንጃ።

ብዙ ተናገረ። ሙንሺ ሲያነብ ሮማኑ ላይ ሲደርስ ወዲያው እንዳወቀው ነገረኝ። ርካሽ ነው ያለው ሌላ የሚለው ጠፍቶበት ነው። እኔን ከማይክሮፎኑ ሊያርቀኝ የፈለገውም ያን ድምፅ እንደገና መስማት ስላስፈራው ነው። ሌንሱን የት እንዳደረሰው እንዳልጠይቀው ለመነኝ፤ የዚያኑ ዓመት ሸጦታል። ኋላ ሀብት ሲያገኝ ሊመልሰው ሄዶ የገዛው ሰው ሞቶ፣ ልጆቹም ተበትነው አገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌንስ ገዝቷል፤ የዚያን ያህል የጠራ ብርሃን ግን አላየም። አለ እንጂ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ጥሩ ብርሃን የሃይም እጅ ነበር።

ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ትዕይንቱ አይቆረጥም። የሚገባው ሰው ይገባዋል፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ አየዋለሁ። ላሆርን ትቻለሁ። ለሚቀጥለው ፊልም ዲና ትፈርማለች። ድምፅሽን አስተምሪያት፤ እኔ ከእንግዲህ ያንቺን ነገር አልሰርቅም።»

አፌ ላይ ስንት ነገር መጣ። ቀኑ ያዘኝ። ዓይኔ ብቻ ነበር የኔ፣ እሱም አልታዘዘኝም።

ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አልሄደም። ቀትር ላይ ወተት አመላላሹ መጣ። ሳያንኳኳ ጂቫን ሲመልሰው ሰማሁ፤ «ዛሬ ዝግ ነው። ነገ ና።» ከዚያ፣ ልማድ ሆኖበት መሰለኝ፣ «ነገ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ነው» አለው። ወተት አመላላሹ «ምን ፊልም?» አለ። «ነገ ና ብዬሃለሁ።» የሻሼን ጫፍ ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት። ለቅሶ ይሁን ሳቅ አላውቅም፤ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መርፌና ክር አዟሪዋን፣ ቀጥሎ የቤት ኪራይ ሰብሳቢውን መለሰ። ኪራይ ሰብሳቢውን ብቻውን ቢመልስልኝ እንኳ አንድ ኃጢአት ያስተሠርይለታል።

ሦስት ኮከብ ወጥቶ ጾሙ ሲያልቅ ዲና ከምኩራብ ደረሰች። ደረጃው ላይ «ሼት?» ስትል ሰማኋት። በሩን ከፈትኩ። ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አንቀላፍቷል። ጆሮዎቹ ያው ትልልቅ ናቸው፤ ፀጉሩ ብቻ ነጭ።

የናሷን ድስት አወረድኳት። አቧራ አልነበራትም። ዲና ምድጃውን ለኮሰች። ሩዙንና ምስሩን እሷ ውስጥ አሞቅኩት፤ ሥጋ ነክቷት አያውቅም፣ ያ ሁሉ ዓመት። አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ።

ነቃ። ድስቷን አየ። እጁን አልዘረጋም።

«ብላ» አልኩት። «የሃይም ደንብ ነው። በር ጠባቂው ነው የሚቀድመው።»

ጎረሰ። እኔና ዲና እስኪውጥ ቆመን ጠበቅነው፣ እንደ ድሮው። ሲያኝክ ቆየ፣ ቆየ፣ ራሱን ደፋ።

«ጨው አነሰው፣ ባቢ» አለ።

ከዚያ በኋላ እኛም ጾማችንን ፈታን። ሲወጣ ጃንጥላውን ረሳው፤ ዲና ሮጣ ሰጠችው። ይቅር ብዬዋለሁ ወይ ብትሉኝ እንጃ፤ በላ፣ አንድ ድስት ጨረሰ። ሳህኑ ላይ በጨርቅ የተሸፈነውን ሮማን ሲያይ አይቼዋለሁ። ሮማኑን ግን አላቀረብኩለትም። ለሮማኑ ገና ነው።